ሰሎሜ ኤርጃቦ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰለፍ

ሆሳዕና ሴች ዱና ሰፈር ገብቶ የአይሱዙ ሹፌሩን የኤርጃቦን ቤት ጠይቆ ያጣ ሰው የለም። ኤርጃቦ ከዶዮገና ድንችና ጥቅል ጎመን፣ ከጃጁራ ደግሞ እህል እየጫነ ወደ ሆሳዕና ሲመላለስ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ሰው ግን የሚያወራው ስለዚህ አይደለም፣ ስለ ዝምታው ነው። ኤርጃቦ መሪ ከያዘ አይናገርም። ሬዲዮ አይከፍትም፣ ስልክ አያነሳም፣ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ለሚያወዛውዝለት ዘመድ እንኳ አንገቱን አያዞርም። ረዳቶቹ ሲያሙት፣ ኤርጃቦን የዶዮገና ቁልቁለት ላይ እግዜር ራሱ ቢጠራው «ቆይ፣ ሜዳው ጋ ልድረስ» ይላል ይሉታል።

ይሄ ታሪክ የኤርጃቦ አይደለም፣ የመጀመሪያ ልጁ የሰሎሜ ነው። ግን ከአባቷ ካልተነሳን የእሷ ነገር አይገባም።

ሰሎሜ በልጅነቷ ትምህርት በሌለበት ቀን የምትውለው ጋቢና ውስጥ ከአባቷ አጠገብ ነበር። እሱ ዝም፣ እሷም ዝም። መንገዱን ታያለች፣ እጁን ታያለች። መኪናው ከቆመ በኋላ ነው ኤርጃቦ አፉን የሚከፍተው። ከሚነግራት ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ የሚነግራት አንድ ነገር ነበር። ሰው ሁለት ሥራ አብሮ ከያዘ ሁለቱንም አበላሸ ማለት ነው፣ አንዱን ያዢ፣ ጨርሺ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂጂ ይላታል። ልጅቷም በዚሁ አደገች። ሒሳብ ይዛ ከተቀመጠች እራት ቀርቦ ቢቀዘቅዝም አትነሳም። በዚህ ጠባይዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አለፈች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመረቀች።

በተመረቀችበት ዓመት አየር መንገዱ የፓይለት ሰልጣኝ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ በቴሌግራም ወጣ። ሰሎሜ ቁመቷም ዓይኗም የሚያስኬዳት ሆኖ አገኘችው። ለአባቷ ስትነግረው ኤርጃቦ ብዙ ካሰበ በኋላ የጠየቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ስንት ኩንታል ይጭናል?» አላት።

የወላጅ ነገር እንዲህ ነው። ኤርጃቦ ሐሳቡን በኩንታል ሲያሰላ፣ እናቷ ገነቴ ግን ልጇን ገና ሳትፈተን አብርራት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ወስዳት ሽማግሌዎቹ እጅ ጭነው ጸለዩላት። ሰው «አሜን» ብሎ ሲወጣ ጸሎቱን እንደ ቅጥር ደብዳቤ ቆጥሮት ወጣ። በማግስቱ ባጃጅ ነጂው አክሊሉ መንገድ ላይ አይቷት ቆመና «ካፒቴን፣ ግቢ!» አላት። ስሙ በዚያው ቀረ። በሳምንቱ የማያውቋት ልጆች ሳይቀሩ ካፒቴን ይሏት ጀመር።

ትልቁን ስህተት የሠራችው ግን ገነቴ ናት። ገነቴ ዊጆ አለባት። ዊጆ ማለት የሰፈር ሴቶች በየሳምንቱ ከየቤታቸው ቅቤ እያመጡ አንድ ላይ የሚያጠራቅሙበት ማኅበር ነው፣ ተራ የደረሳት ሁሉንም ትወስዳለች። ለበዓል ቅቤ የሚገኘው በዚህ ነው። የገነቴ ተራ መስከረም ላይ ነበር፣ ለያሆዴ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ። ያሆዴ ያለ ቅቤ ምን ይሆናል፣ የበዓሉ ምግብ አተካናውስ በምን ይሠራል። ገነቴ ግን የዊጆዋን ሰብሳቢ እትዬ አባይነሽን ለምና ተራዋን ወደ ነሐሴ አስመጣች። ልጄ አዲስ አበባ ተፈትና የምትመለስበት ቀን ነው፣ በደስታዋ ቀን ሰው ቤቴ ይግባ አለች። ተፈትኖ መመለስና አልፎ መመለስ ልዩነት እንዳለው ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ተጸልዮላት የሄደች ልጅ ባዶዋን ትመለሳለች ብሎ ማሰብ ራሱ እምነት ማጣት ነበር።

ሰሎሜ አዲስ አበባ ገባች። ጠዋት የወረቀት ፈተና ነበር፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ። እሱን እንደ ውሃ ጠጣችው። ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጧቸው። ቀኝ እጅ ላይ ጆይስቲክ የሚሉት ዱላ መሳይ መሪ አለ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች፣ ዝም ካልካት ትሸሻለች፣ በመሪው እየገፋህ ክቧ ውስጥ ታቆያታለህ። ጆሮ ላይ ማዳመጫ አለ፣ በሱ የሚጠራውን ቁጥር እየደመርክ በግራ እጅ ትጽፋለህ። ከላይ ጥግ ላይ ደግሞ ቀይ መብራት ብልጭ ሲል ትጫናለህ። ፈታኟ ሴትዮ ሦስቱንም አብራችሁ ነው የምትሠሩት ብላ ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው።

ሰሎሜ ሰምታለች። ግን መሪውን ስትይዝ የዶዮገና ቁልቁለት መጣባት። ነጥቧ ወደ ግራ ስትል መለሰቻት፣ ወደ ቀኝ ስትል መለሰቻት። በማዳመጫው የሚጠሩት ቁጥሮች መንገድ ዳር ቆሞ እንደሚጣራ ዘመድ ሆኑባት፣ አንገቷን አላዞረችም። መብራቱም ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ ብልጭ አለ፣ ጠፋ። ጊዜው እስኪያልቅ ነጥቧ አንዴ እንኳ ከክቧ አልወጣችም። ማዳመጫዋን ስታወልቅ ሰሎሜ ደስ ብሏት ነበር። ከጎኗ የተቀመጠው ምስክር የሚባል የዱራሜ ልጅ ላቡ በጀርባው ወርዷል፣ የእሱ ነጥብ ስክሪኑን ስትዞር ነው የዋለችው። አዘነችለት። አይዞህ አለችው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያለፉት ስም ተነበበ። ምስክር ተጠራ። ሰሎሜ አልተጠራችም።

ስሜ ተዘልሎ ይሆናል ብላ ፈታኟ ጋ ሄደች። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ኮምፒዩተሩን ከፍታ አየችላት፣ ደግማ አየችላት። ዛሬ ከተፈተኑት ሁሉ ነጥቧን እንዳንቺ የያዘ አንድም የለም አለቻት። ቀጥላ ግን ቁጥሩ ባዶ መሆኑን፣ መብራቱም ባዶ መሆኑን አሳየቻትና «እህቴ፣ አውሮፕላን አንድ ነገር ብቻ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ዙር ተመዝገቢ» አለቻት።

በማግስቱ አውቶብስ ውስጥ ቡታጅራን ስታልፍ እናቷ ደወለች። የት ደረስሽ ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ከበስተኋላ የሴቶች ሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማል። ሰሎሜ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ቡታጅራ ነኝ ብላ ዘጋችው። ወራቤ ላይም እንዲሁ። ቤት ስትደርስ አሥራ አራቱም የዊጆ ሴቶች ተቀምጠዋል፣ ቆጮው ቀርቧል፣ ክትፎው በቅቤ ይዋኛል። ገና በሩን ሳታልፍ እትዬ አባይነሽ ተነስተው እንደ ወጉ አንድ እፍኝ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አደረጉላት። ቅቤው በቤቱ ሙቀት ቀለጠ፣ ፊቷ ላይ ወረደ። እንባዋም አብሮት ወረደ፣ የለየው ሰው ግን አልነበረም።

እንዴት ነበር አሏት። ከባድ ነው አለች። መቼ ነው የምትበሪው አሏት። ይደውላሉ አለች። እንግዲህ ውሸቷ ይቺው ናት። አለፍኩ አላለችም፣ ወደቅኩም አላለችም። ግን ሰው መስማት የፈለገውን ሰምቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ሄደ። ለያሆዴ የተቀመጠው ቅቤ በአንድ ቀን አለቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለሰሎሜ እሾህ ነበሩ። አክሊሉ ባጃጁ ላይ አሳፍሯት ሂሳብ አልቀበልም አለ። «ካፒቴን ከኔ ጋ አይከፍልም። በኋላ ዱባይ ስትሄጂ በመስኮት በኩል ታስቀምጪኛለሽ» አላት። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሯ፣ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመረች። ስልኳ በጠራ ቁጥር ገነቴ እጇን ጠራርጋ ትመጣለች። ኤርጃቦ ብቻ ነበር ምንም የማይጠይቀው። ያያታል፣ ወደ መኪናው ይሄዳል። እንደገና ልመዝገብ ብትል መጀመሪያ መውደቋን መናገር አለባት፣ ወድቄያለሁ ብትል ደግሞ የእናቷ ቅቤ፣ የሽማግሌዎቹ ጸሎት፣ የሰፈሩ ካፒቴን ሁሉ አብሮ ይወድቃል። እዚህ ላይ ተቀርቅራ ቆመች።

የዊጆ ሴቶች ግን አልቆሙም። ተሰባስበው የሀዲያ የባህል ልብስ ጨርቅ ገዙላት፣ የመጀመሪያ በረራዋ ቀን የምትለብሰው። ሄደሽ ለነስሩ ተለኪ ተባለች።

ነስሩ ከገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ከስልጤ በኩል መጥተው እዚያው በረንዳ ላይ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፣ የስፌት መኪናቸው በእግር የሚረገጥ የድሮ ሲንጀር ነው። ሰሎሜ ጨርቁን ይዛ ሄደች። ነስሩ እየሰፉ ነበር፣ በዓይናቸው ጥቅሻ ቁሚ አሏት።

«ጋሽ ነስሩ፣ አይለኩኝ» አለች።

«ለምን? ወፍረሽ ነው?»

«ወድቄያለሁ።»

የመጀመሪያ ጊዜ ነበር ቃሉ ከአፏ ሲወጣ። ነስሩ መርገጡን አላቆሙም። ያልሰሙ መሰላት።

«የት ጋ?» አሏት።

«ምን?»

«የት ጋ ነው የወደቅሽው? ሰው ልብሱ አስጠላኝ ብሎ ሲመጣ እኔ የምጠይቀው የት ጋ ብዬ ነው። ብብቱ ጋ ከሆነ ብብቱን ነው የምፈታው። ሙሉውን አልቀድም።»

ሰሎሜ ቁጭ ብላ ነገረቻቸው። ስለ ነጥቧ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ መብራቱ። እሷ ስታወራ የነስሩ እግር ይረግጣል፣ እጃቸው የሱሪ እግር ይዞ ይገፋል። መሀል ላይ አንዲት የሺንሺቾ ነጋዴ መጥታ ዋጋ ቀንሱልኝ አለች፣ ተከራከሯት፣ አሸነፏት። ሬዲዮው ኳስ ያስተላልፋል፣ ጎል ሲገባ ለጎረቤታቸው ማን እንዳገባ ነገሩት። ከዚያ ወደ ሰሎሜ ዞረው «ቀጥይ፣ ነጥቧ መሀል ናት፣ ቁጥሩን አልጻፍሽም፣ ከዚያስ?» አሏት።

ሰሎሜ ወሬዋን አቁማ ታያቸው ጀመር። ይሄን ሁሉ አብረው እንዴት ነው የሚያደርጉት ብላ ጠየቀቻቸው። ነስሩ የቱን አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ብዙ ነገር አብረው እንደሚሠሩ አያውቁም ነበር። ሲገባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናውን አቆሙና እግራቸውን አዩት፣ እንደ ሌላ ሰው እግር።

«እግሬን ረስቼዋለሁ» አሉ። «መጀመሪያ እግር ይለመዳል። ከተለመደ በኋላ ሐሳብ አይበላም፣ ሐሳብሽ ለሌላው ይተርፋል። አንቺ ነጥቧን በሙሉ ሐሳብሽ ነው አንቀሽ የያዝሻት። ትንሽ ብትሄድ ምን አለ? ጨርቅም እኮ ይሄዳል፣ ትመልሺዋለሽ።»

ጨርቁን አጣጥፈው እጇ ላይ መለሱላት። ሳይሰፋ ይዘሽው ስትገቢ እናትሽ ትጠይቅሻለች፣ ስትጠይቅሽ እውነቱን መልሺላት ብለው ላኳት። ነገ ደግሞ ጠዋት ነይ፣ ሥራ የፈታች መኪና አለችኝ አሏት።

ገነቴም እንደተባለው ጠየቀች። ሰሎሜም መለሰች። ከገነቴ አፍ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ቅቤውስ?» የሚል ነበር። ይሄን ዛሬ ቤት ውስጥ ሲያነሱት ይስቁበታል፣ ያን ቀን ግን የሳቀ የለም።

ኤርጃቦ ሁሉንም ሰማ። የነጥቧን ነገር ሲሰማ ተነስቶ ወጣ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ ሞተር ሳያስነሳ። ሰሎሜ ተከትላው ጋቢና ገባች። እንደ ልጅነቷ ሁለቱም ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ኤርጃቦ። «አንዱን ያዢ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አባ፣ ፈታኟ ምን አለች መሰለህ? ነጥቧን እንዳንቺ የያዘ የለም አለችኝ።»

ኤርጃቦ ዞሮ አያት። «ከስንት ሰው?»

«ከሁሉም።»

መሪውን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ጠረገው። «ዶዮገና ላይ ነው የለመድሽው» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ፈገግታውን እንዳታይበት። አየችበት።

ገነቴ በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ እትዬ አባይነሽ ቤት ሄደች። ሴቶቹ ተጠርተው ተሰበሰቡ። ልጄ አልፋ አልነበረም፣ ያለ ቀኑ ቅቤያችሁን አስወጥቼ አበላሁት ብላ ቆማ ተናገረች። አባይነሽ ልጅቷ ታማለች ወይ ብለው ጠየቁ። አልታመመችም አለች ገነቴ። እንግዲያው ምን ሆንሽ አሏት። ቅቤውን የበላነው እኛ፣ የተፈተነችው እሷ፣ አንቺ ደግሞ ቆመሽ ታለቅሻለሽ። ከኛ ውስጥ ፊደል ሳትቆጥር ያገባች ስንት ናት፣ እኛ ለመውደቅስ የት ደርሰን እናውቃለን ብለው አስቀመጧት።

ለያሆዴ የገነቴ ቤት ቅቤ የለውም ተብሎ ነበር። በዋዜማው ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ፣ እያንዳንዷ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ። አንዷ ስታስረክብ ይሄ የመውደቂያው ነው፣ የማለፊያውን አንቺ ታመጫለሽ ብላ ሰሎሜን ጎነጠቻት። አተካናው ተሠራ። የቤተ ዘመዱ ሽማግሌ ልጆቹን በተራ ሲመርቁ ሰሎሜ ዓመቱን ምን ሆነሽ ከረምሽ ተባለች፣ ወድቄ ነው የከረምኩት፣ ዘንድሮ ደግሞ እማራለሁ አለች። ሽማግሌው ሳይደነቁ መረቋት።

አክሊሉም ሰማ። መንገድ ላይ አግኝቷት ካፒቴን ግቢ ሲላት ወድቄያለሁ እኮ አለችው። «አውቃለሁ» አላት። «ሊስትሮው እንኳ ነግሮኛል። አሁን እንግዲህ ሂሳብ ትከፍያለሽ፣ ስምሽን ግን አልመልስም።»

ከጥቅምት ጀምሮ ሰሎሜ ጠዋት ጠዋት ነስሩ በረንዳ ላይ ትታይ ጀመር። ከሰዓት በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ታስጠናለች። የሰው አፍ አይዘጋም፣ ሰማይ ልትወጣ ብላ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ገባች ያሉ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነስሩ ክር አላስያዟትም። ባዶውን ርገጪ፣ እግርሽ እስኪጠፋሽ ርገጪ አሏት። እግሯ ግን አልጠፋ አለ። ስለ እግሯ ስታስብ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ነስሩ ይስቃሉ። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ከደንበኛ ጋር እያወራች ሳለ ክሩን ስታየው የሱሪው ጠርዝ ቀጥ ብሎ አልቋል። መቼ እንደረገጠች አላወቀችም። ለነስሩ አሳየቻቸው። አገላብጠው አዩና ቁልፍ ሳትተክይለት እንዳትሰጪው ብቻ አሏት፣ ከዚያ በላይ አያመሰግኑም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ጨመሩባት። እሷ ስትሰፋ እሳቸው የደንበኛ ልክ ይጠራሉ፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት፣ እሷ ትይዛለች፣ መጨረሻ ላይ ትጽፋለች። ገበያ ቀን ከሺንሺቾና ከአንጋጫ የሚመጣው ሰው ዋጋ ይከራከራታል፣ ሀዲይኛም ከምባትኛም አማርኛም ተቀላቅሎ፣ እጇ ግን አይቆምም። ያበላሸችው ልብስም አለ። አንዴ የአንድ አስተማሪ ኮት ላይ ሁለቱን እጅጌ በአንድ ወገን ልትሰፋ ስትል ደርሰውባታል። የት ጋ እንደሳትሽ እይ፣ ፍቺው ተባለች። ፈታችው።

ኤርጃቦ ይሄን ሁሉ ከሩቅ ያያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሎሜ እንደ ድሮው ጋቢና ትገባለች፣ ጭኗ ላይ ስልኳን ታደርግና እዚያ ላይ ያገኘችውን ነጥብ የማቆየት ጨዋታ ትለማመዳለች። ጥር ላይ ነው፣ ወደ ጃጁራ ሲሄዱ ሜዳው ላይ ኤርጃቦ በድንገት «አርባ አምስት፣ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት» አለ።

ሰሎሜ ደነገጠች። ከኋላ የተቀመጠው ረዳትም ደነገጠ፣ ፍሬን ተበላሸ መስሎት እጀታውን ያዘ። ኤርጃቦ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

«አለፈ እኮ» አለ። «ታርጋው ነው። ደምሪያ።»

«ስምንት መቶ ሃምሳ ሰባት» አለች ሰሎሜ።

«ነጥቧስ?»

ነጥቧን አየቻት። ትንሽ ሄዳለች። መለሰቻት።

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ይዞ ያልተናገረ ሰው ያን ቀን ጃጁራ እስኪገባ የመጣውን መኪና ሁሉ ታርጋ ጠራላት። ከተማው ዳር ላይ አንድ ቁጥር ሲጠራ ጉድጓድ ሳተውና መኪናው ዘለለ፣ የሦስቱም ራስ ጣሪያ ነካ። ኤርጃቦ አቆመ። «እኔም እማራለሁ» አለ። ኤርጃቦ እየነዳ አወራ የሚለው ወሬ ሆሳዕና የደረሰው ከጎመኑ ቀድሞ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሁሉ እንዲያ ሆነ። መጋቢት ላይ ሰሎሜ ነጥቧንም፣ ታርጋውንም፣ በመብራቱ ምትክ ረዳቱ ጣሪያውን ሲመታ መልስ መስጠቱንም አብራ መሥራት ቻለች። ነጥቧ እንደ ድሮው ተቸንክራ አትቆምም። ትወጣለች፣ ትገባለች። ሰሎሜ ይሄን ለመልመድ ነበር ከሁሉም በላይ የተቸገረችው።

ግንቦት ውስጥ አዲሱ ምዝገባ ተለጠፈ። ዘንድሮ መዝጋቢዎቹ ራሳቸው በየከተማው ይመጡ ነበር፣ ሐዋሳም፣ ሆሳዕናም። ጎረቤታቸው አቶ ወልደኪዳን፣ ቢሮ የሚሠሩ፣ ለቤቱ የሚያስቡ ሰው ናቸው፣ ቤት ድረስ መጥተው መከሯት። ሐዋሳ ሂጂና ተመዝገቢ፣ እዚያ ማንም አያውቅሽም አሏት። ቅጹ ላይ ከዚህ በፊት ተፈትነው ያውቃሉ ወይ የሚል አለ፣ እሱን ዝለዪው፣ እንደገና ብትወድቂ እንኳ ሰው ሳያውቅ ያልፋል አሏት። ለክፋት አልነበረም። ገነቴ ልጇን አየች። ሰሎሜ አመሰገነቻቸው። እዚሁ እመዘገባለሁ አለች።

የምዝገባው ቀን ሰልፉ ከመመዝገቢያው አዳራሽ ወጥቶ አጥሩን ዞሯል። ሰሎሜ መሀል ላይ ቆማለች፣ ፎቶ ኮፒዎቿን በፌስታል ይዛ። ከፊትም ከኋላም ያሉት ከእሷ የሚያንሱ ናቸው። መንሾካሾኩ ደረሳት፣ ያቺ ባለፈው የወደቀችው ናት እየተባለ። ጆሮዋ ጋለ። መጀመሪያ እንዳልሰማች ሆነች። ከዚያ ሀኒ የምትባል አንዲት ትንሽዬ ልጅ ፈራ ተባ እያለች መጥታ፣ እውነት ነው እንዴ አለቻት።

«እውነት ነው» አለች ሰሎሜ። «ከሰዓት በኋላ ያለው ፈተና ነው የጣለኝ። ልንገርሽ?»

ሀኒ ልስማ አለች። ሰሎሜ ነጥቧን፣ ቁጥሩን፣ መብራቱን ነገረቻት፣ አንዱን ብቻ አንቀሽ እንዳትይዢ አለቻት። ስታወራ ሌሎችም ጠጋ ጠጋ አሉ። ሰልፉ ቅርጹን አጣ፣ ጥበቃው መጥቶ ተቆጣቸው። ከውስጥ ግን አንድ ነገር ቀሎላት ነበር። ይሄ ሁሉ ሰው አወቀ፣ እሷም እንደቆመች ናት።

ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ቅጹን ሰጧት። ከዚህ በፊት ተፈትነው ያውቃሉ ከሚለው ፊት አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፣ ውጤቱን በሚለው ላይ አላለፍኩም ብላ በደንብ በሚነበብ ጽሑፍ ጻፈች። መዝጋቢው አየና ቀና ብሎ አያት፣ ማህተሙን መታላት፣ ፈተናው ሰኔ ውስጥ እንደሆነ ነገራት።

ኤርጃቦ ከዶዮገና ጎመን ጭኖ ሲመለስ መኪናውን አጥሩ ጋ አቁሞ ይጠብቃት ነበር። ከጎኑ ልጁን ያስመዘገበ አንድ የማያውቀው ሰው ቆሟል። ሰውየው ሰሎሜ ስትወጣ አይቶ በክርኑ ነካው፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። ባለፈው ዓመት የወደቀችው ይቺ ናት አሉ፣ ድጋሚ መጣች አለው።

ኤርጃቦ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ሰልፉ በሙሉ እስኪሰማ ተናገረ።

«አዎ፣ የወደቀችው እሷ ናት» አለ። «የኔ ልጅ ናት።»

ከዚያ ሄዶ የጋቢናውን በር ከፈተላት።